ክብ ላይ ላረፈ ባለ አራት ጎን የትኛው ሕግ ይሻላል? ለጅማ ተማሪዎችና አስጠኚዎች የንጽጽር መመሪያ

ጥያቄው ይሄ ነው። አንድ ክብ አለ። አራት ነጥቦች ክቡ ላይ ተቀምጠዋል። ተያይዘው ባለ አራት ጎን ሠርተዋል። ሁለት ወይም ሦስት ማዕዘኖች ተሰጥተዋል፤ አንዱን ፈልጉ ተብሏል። ተማሪው ሕጎቹን ያውቃቸዋል። የሚቸግረው ከየትኛው እንደሚጀምር ነው።

ጅማ ውስጥ የ10ኛ ክፍል ልጆችን አስጠናለሁ። ከሄርማታ የሚመጣውም፣ ከቆጪ የሚመጣውም፣ ከአጂፕ የሚመጣውም ደብተሩ ላይ ያው አምስት ስድስት ሕግ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ ይገኛል። ሸምድደውታል። ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ሁሉም ወደ አንዱ ይሮጣሉ፦ «ተቃራኒ ማዕዘኖች ሲደመሩ 180 ይሆናሉ።» ሕጉ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ረጅሙ መንገድ እሱ ነው። አንዳንዴ መሀል መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ በማይሠራበት ቦታ ይገባል።

ስለዚህ መንገዶቹን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የቅስቱን መንገድ እመርጣለሁ፤ ቅስት ማለት በሁለት ነጥቦች መሀል ያለ የክቡ ዙሪያ ቁራጭ ነው። ሌሎቹ በሙሉ ከእሱ የወጡ ናቸው። ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ከእሱ ጀምሩ ማለት አይደለም። ጥያቄው የሰጣችሁን አይታችሁ መምረጥ አለባችሁ።

በጽሑፉ በሙሉ አራቱን ጫፎች በቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እላቸዋለሁ። ማዕዘን በሦስት ፊደል ስጽፍ የመሀሉ ፊደል ማዕዘኑ ያለበት ጫፍ ነው። ወረቀትና ኮምፓስ ይዛችሁ እየሣላችሁ ብታነቡ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በፊት፦ አራቱም ጫፍ ክቡ ላይ ነው?

በአንድ መስመር ላይ ያልተሰለፉ ሦስት ነጥቦች ካሉ፣ በሦስቱም የሚያልፍ አንድ ክብ ሁልጊዜ ይገኛል። ከአንድ በላይም የለም። ስለዚህ ማንኛውም ባለ ሦስት ጎን ክብ ውስጥ ይገባል። አራተኛው ነጥብ ሲመጣ ግን ነገሩ ይቀየራል። የጅማን በርጩማ አስቡት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ መሬቱ ጎርበጥባጣ ቢሆንም ሳይነቃነቅ ይቆማል። አራተኛ እግር ካለው ግን ያ እግር ልኩን ካልመጣ ይወዛወዛል። አራተኛው ነጥብም ክቡ ላይ ሊያርፍም፣ ላያርፍም ይችላል። የምንማራቸው የማዕዘን ሕጎች የሚሠሩት ልክ ቦታው ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው።

ፈተና አውጪዎች ይህችን ቦታ ይወዷታል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የክቡ ማዕከል ወ ይሁን። ሀ፣ ለ እና ሐ ክቡ ላይ ናቸው፤ ለ በትንሹ ቅስት በኩል ነው። ባለ አራት ጎኑ ወሀለሐ ነው። ማዕዘን ሀወሐ 110 ዲግሪ ነው። ማዕዘን ሀለሐ ስንት ይሆናል?

ብዙ ልጅ ዓይኑን ሳያሽ 70 ይላል። ከ180 ላይ 110 ቀንሶ ማለት ነው። መልሱ 125 ነው። ወ ማዕከሉ ላይ እንጂ ክቡ ላይ አይደለም። አራት ጫፍ ያለ ይመስላል እንጂ ክቡ ላይ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። የ180ው ሕግ እዚህ ምንም ሥራ የለውም። ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው፦ ማዕዘን ለ አፉን የከፈተው በትልቁ ቅስት ላይ ነው። ያ ቅስት 360 − 110 = 250 ዲግሪ ነው። ማዕዘኑ የዚያ ግማሽ ነው፤ 125።

ይህን ጥያቄ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እሰጠዋለሁ። ሕግ ከመምረጡ በፊት አራቱን ጫፍ በጣቱ እየነካ «ይሄ ክቡ ላይ ነው፣ ይሄም ነው» ማለትን እንዲለምድ ነው።

የ180ው መንገድ

ሀ እና ሐ ሲደመሩ 180፣ ለ እና መ ሲደመሩ 180። ይህ መንገድ የሚያምርበት ጊዜ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው ስለ አራቱ ሙሉ ማዕዘኖች ብቻ ሲያወራ። ዲያጎናል (ተቃራኒ ጫፎችን የሚያያይዝ መስመር) አልተሣለም፣ ማዕከል አልተጠቀሰም፣ የተዘረጋ ጎን የለም። እንዲህ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ።

ለምሳሌ ማዕዘን ሀ ከማዕዘን ሐ በ28 ዲግሪ ይበልጣል ተባለ። 180 − 28 = 152። ግማሹ 76። ሐ 76፣ ሀ 104። አለቀ።

ትንሽ ጠመም ያለው ይሄ ነው። የሀ፣ የለ እና የሐ ማዕዘኖች ንጽጽር 2፣ 3፣ 4 ነው፤ መ ስንት ነው? እዚህ ላይ ልጆች 360ን ማካፈል ይጀምራሉ፤ የአራተኛው ድርሻ ስላልተሰጠ ግን ይጣበቃሉ። ተቃራኒዎቹ እነማን እንደሆኑ እዩ። ሀ እና ሐ ናቸው። 2 እና 4 ስድስት ድርሻ ነው፤ እሱም 180 ነው። አንዱ ድርሻ 30 ሆነ። ሀ 60፣ ለ 90፣ ሐ 120። መ የለ ተቃራኒ ነውና 90።

ይህ ሕግ ቅርፅን ለመለየትም ጉልበት አለው። ፓራሌሎግራም ተቃራኒ ማዕዘኖቹ እኩል ናቸው። ክብ ላይ ካረፈ ደግሞ ድምራቸው 180 መሆን አለበት። እኩል ሆነው 180 የሚሞሉት 90 እና 90 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ክብ ላይ ያረፈ ፓራሌሎግራም ሬክታንግል ነው፤ ሮምበስ ከሆነ ደግሞ ካሬ ነው።

አንድ የሚደባለቅ ነገር አለ። አጎራባች ማዕዘኖች 180 ከሞሉ ያ የሚነግራችሁ ስለ ክብ ሳይሆን ሁለት ጎኖች ትይዩ ስለመሆናቸው ነው። ተቃራኒዎቹ 180 ሲሞሉ ነው ስለ ክብ የሚያወራው። ሁለቱም በአንድ ቅርፅ ላይ ከተገኙና ሬክታንግል ካልሆነ፣ ቅርፁ ሁለቱ ዘንበል ያሉ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ትራፒዚየም ነው።

የተዘረጋ ጎን ካለ

አንዱ ጎን ከጫፉ አልፎ ተዘርግቶ ካያችሁ የ180ውን ሕግ ተዉት። ጎን ሀለን ከለ አሳልፋችሁ እስከ ረ ዘርጉት። ውጭ የተፈጠረው ማዕዘን ሐለረ ከማዕዘን መ ጋር እኩል ነው። የውጩ ማዕዘን ከጎኑ ካለው ጋር ሳይሆን፣ ባለ አራት ጎኑ ውስጥ ፊት ለፊት ካለው ጋር ነው የሚተካከለው።

የውጩ 73 ከሆነ መ 73 ነው። በ180ው መንገድ የሄደ ልጅ መጀመሪያ 107 ያገኛል፣ ከዚያ ተመልሶ 73 ይላል። ሁለት ጊዜ መቀነስ ማለት ሁለት የስሕተት ዕድል ማለት ነው። ለአንድ ጥያቄ ብዙም አይደለም። ጥያቄው ሲረዝም ግን ይከፈልበታል።

ይህ ሕግ በደንብ የሚታየው ጎኖቹ ተዘርግተው ሲገናኙ ነው። ሀለ እና መሐ ተዘርግተው ረ ላይ ተገናኙ እንበል። ማዕዘን ሀ 65፣ ማዕዘን ረ 40 ነው። ከትልቁ ባለ ሦስት ጎን ሀመረ፣ ማዕዘን መ 75 ነው። አሁን ትንሹን ባለ ሦስት ጎን ለሐረ እዩት። ለ ጋ ያለው የውጭ ማዕዘን ከመ ጋር እኩል ነው፤ 75። ሐ ጋ ያለው ከሀ ጋር እኩል ነው፤ 65። ትንሹና ትልቁ ተመሳሳይ ሆኑ። ከዚያ ወደ ርዝመት መሄድ ይቻላል፦ ረለ ሲባዛ በረሀ፣ ከረሐ ሲባዛ በረመ ጋር እኩል ይሆናል። አንድ የውጭ ማዕዘን ይህን ሁሉ ይከፍታል።

ሁለቱም ጥንድ ጎኖች ሲዘረጉ ደግሞ ሕጎቹ መተባበር አለባቸው። ሀለ እና መሐ ረ ላይ ተገናኙ፤ ማዕዘኑ 40 ነው። ሀመ እና ለሐ ሰ ላይ ተገናኙ፤ ማዕዘኑ 30 ነው። ማዕዘን ሀ ስንት ነው? ከባለ ሦስት ጎን ሀመረ፦ ሀ + መ = 140። ከባለ ሦስት ጎን ሀለሰ፦ ሀ + ለ = 150። ደምሩት። ሁለት ሀ፣ ሲደመር ለ እና መ፣ 290 ነው። ለ እና መ ተቃራኒ ናቸውና 180 ናቸው። ሁለት ሀ 110፣ ሀ 55። እዚህ ጋ 180ው ቦታውን አገኘ። የውጩን ሕግ ብቻ ይዞ የመጣ ልጅ ደግሞ እዚህ ይንገታገታል።

የቅስቱ መንገድ

አሁን ወደምወደው መጣሁ። ዲያጎናሎች ከተሣሉ፣ ማለትም ሀ ከሐ፣ ለ ከመ ከተያያዙ፣ እያንዳንዱ ማዕዘን ለሁለት ይከፈላል። ስምንት ትናንሽ ማዕዘኖች ይፈጠራሉ። ሥዕሉን ሲያዩት ያስፈራል። ግን ስምንት የተለያየ ቁጥር የለም። አራት ብቻ ነው ያለው።

ምክንያቱ አንድ መሠረታዊ እውነት ነው፦ ጫፉ ክቡ ላይ የሆነ ማዕዘን፣ አፉን የከፈተበት ቅስት ግማሽ ነው። ጫፉ ክቡ ላይ የትም ቢንቀሳቀስ፣ ያንኑ ቅስት እስካየ ድረስ ማዕዘኑ አይቀየርም። ስለዚህ ጎን ለሐን ከሀ ብታዩትም ከመ ብታዩትም ማዕዘኑ ያው ነው።

እኔ የማስተምረው አጻጻፍ ይሄ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ቁጥር ከማጨናነቅ ይልቅ በየጎኑ ላይ አንድ ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ የዚያ ጎን ቅስት ግማሽ ነው። አራቱ ጎኖች አራት ቁጥር ይይዛሉ። አራቱ ቅስቶች አንድ ላይ 360 ስለሆኑ አራቱ ቁጥሮች ሲደመሩ 180 ይሆናሉ። በቃ።

እንሞክረው። ማዕዘን ለሀሐ 40፣ ማዕዘን ሀሐለ 35፣ ማዕዘን ሐለመ 48 ነው። ማዕዘን ለሀመ ስንት ነው?

መጀመሪያ በ180ው ብቻ እንሂድ። ከባለ ሦስት ጎን ሀለሐ፣ ማዕዘን ለ 180 − 75 = 105 ነው። ስለዚህ መ 75። ማዕዘን ሀለመ 105 − 48 = 57። እስካሁን ጥሩ ነው። ዲያጎናሎቹ የሚገናኙበትን ነ እንበለው፤ በነ ዙሪያ ያሉትንም ማግኘት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ይጣበቃል። ቀሪዎቹን ማዕዘኖች በባለ ሦስት ጎኖች ድምርና በ180 ብቻ ለማግኘት ብትሞክሩ እኩልታዎቹ እርስ በርሳቸው ይዞሩና መልሰው ወደጀመራችሁበት ያመጧችኋል። ብዙ ቀለሜ ልጅ እዚህ ጥያቄ ላይ ግማሽ ገጽ ጽፎ መጨረሻ ላይ 0 = 0 ሲያገኝ አይቻለሁ። የጻፈው ሁሉ ልክ ነው። የመረጠው መንገድ ግን አያደርስም።

አሁን በጎኖቹ ላይ እንጻፍ። ማዕዘን ለሀሐ ወደ ለሐ ይከፈታል፤ ለሐ ላይ 40 ጻፉ። ማዕዘን ሀሐለ ወደ ሀለ ይከፈታል፤ ሀለ ላይ 35። ማዕዘን ሐለመ ወደ ሐመ ይከፈታል፤ ሐመ ላይ 48። ድምሩ 123 ነው። የቀረው ጎን መሀ 57 ይይዛል። ሥራው አለቀ። ማዕዘን ለሀመ ወደ ለሐ እና ሐመ ይከፈታል፤ 40 + 48 = 88። ሌላም ብትጠየቁ እዚያው አለ። ማዕዘን ለ 48 + 57 = 105። ማዕዘን ሐ 57 + 35 = 92። ማዕዘን መ 35 + 40 = 75። 88 እና 92፣ 105 እና 75 ተቃራኒ ሆነው 180 መሙላታቸውን እዩ። የ180ው ሕግ ተደብቆ የነበረው እዚህ ውስጥ ነው።

ዲያጎናሎቹ የሚገናኙበት ማዕዘንም በነጻ ይመጣል። ማዕዘን ሀነለ የሀለ እና የፊት ለፊቱ የሐመ ቁጥሮች ድምር ነው፤ 35 + 48 = 83። ከጎኑ ያለው ደግሞ 40 + 57 = 97። ሁለቱ 180 ሞሉ፤ ማረጋገጫችሁም ይኸው።

ታንጀንት ሲመጣም አትደንግጡ። ሀ ላይ ክቡን የሚነካ መስመር ከጎን ሀለ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ጎን ሀለ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር ራሱ ነው። በሌላ በኩል ከጎን ሀመ ጋር የሚሠራው የመሀ ቁጥር ነው። ብዙዎች ይህን ለብቻው ይሸመድዱታል። ለብቻው መሸምደድ አያስፈልግም፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል።

ይህ ቅደም ተከተል የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ኤውክሊድ ስለ ክብ በጻፈው ሦስተኛ መጽሐፉ ላይ ነገሩን በዚሁ መልክ ደርድሮታል። 20ኛው ሕግ፣ የማዕከሉ ማዕዘን የክቡ ላይ ማዕዘን እጥፍ መሆኑን ያረጋግጣል። 21ኛው በአንድ ቅስት ላይ የተከፈቱ ማዕዘኖች እኩል ናቸው ይላል። ተቃራኒዎቹ 180 መሆናቸው የመጣው በ22ኛው ነው። እኛ ከ22ኛው ጀምረን 20ኛውን ስለምንረሳ ነው የምንቸገረው።

የቅስቱ መንገድ ደካማ ጎኑ ምንድን ነው? ዓይን ይፈልጋል። ማዕዘኑ ወደ የትኛው ጎን እንደሚከፈት በትክክል ካላያችሁ ቁጥሩን የተሳሳተ ጎን ላይ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ለጀማሪ የምለው፦ እርሳስ ያዙ፣ ከማዕዘኑ ጫፍ ተነሱና በሁለቱ መስመሮች ላይ እስከ ክቡ ሂዱ። የደረሳችሁባቸው ሁለት ነጥቦች መሀል ያለው ጎን ነው የምትጽፉበት። ዲያጎናል ያልተሣለበት፣ ሙሉ ማዕዘን ብቻ ያለበት ቀላል ጥያቄ ላይ ደግሞ ይህን ሁሉ ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው።

ማዕከሉ ከተሰጠ

ጥያቄው ማዕከሉን ከጠቀሰ ያለምክንያት አልጠቀሰውም። ወደ ጫፎቹ ሬዲየስ ሣሉ። ሬዲየሶች እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ሁለት ጎናቸውና ሁለት ማዕዘናቸው እኩል የሆኑ ባለ ሦስት ጎኖች ታገኛላችሁ። ማዕዘን ሀወሐ 136 ከሆነ፣ በትልቁ ቅስት ላይ ያለው ጫፍ 68፣ በትንሹ ላይ ያለው 112 ይይዛል።

ከዲያጎናሎቹ አንዱ ዲያሜትር ከሆነ የበለጠ ይቀላል። በሁለቱም በኩል ያሉት ማዕዘኖች 90 ናቸው። በቁጥር አጻጻፋችን ደግሞ በአንድ በኩል ያሉት ሁለት ጎኖች ብቻቸውን 90 ይሞላሉ ማለት ነው።

ይህች 90 ከደብተር ውጭም ትሠራለች። ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት። ክብ የበርጩማ መቀመጫ ወይም ክብ ጠረጴዛ አለ እንበል፤ ማዕከሉ ግን አልታወቀም። እስኳድራውን አምጡ። የእስኳድራውን ጥግ ክቡ ጠርዝ ላይ አስቀምጡ። ሁለቱ ክንዶች ጠርዙን የሚያቋርጡባቸውን ሁለት ነጥቦች ምልክት አድርጉና በመስመር አያይዟቸው። ያ መስመር ዲያሜትር ነው፤ 90 ዲግሪ የሚከፈተው በግማሽ ክብ ላይ ብቻ ስለሆነ። እስኳድራውን ወደ ሌላ ቦታ አዙሩና ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ማዕከሉ ነው። እንደ ጉርሻ ደግሞ የሁለቱ ዲያሜትሮች አራት ጫፎች ሬክታንግል ይሠራሉ። ጠረጴዛው አራት እግር ካለው የእግሮቹን ቦታ በዚህ መለየት ይቻላል። ለልጆች ይህን አንድ ጊዜ በካርቶን ላይ ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ክብ ላይ መሆኑን አረጋግጡ ሲባል

እስካሁን ክቡ ተሰጥቶ ነበር። አንዳንድ ጥያቄ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ አራት ነጥብ ይሰጥና በአራቱም የሚያልፍ ክብ እንዳለ አሳዩ ይላል። እዚህም ምርጫ አለ። ተቃራኒ ማዕዘኖች 180 መሙላታቸውን ማሳየት ይቻላል። የውጩ ማዕዘን ከፊት ለፊቱ ጋር እኩል መሆኑን ማሳየት ይቻላል። ወይም አንድን ጎን፣ ከአንድ ወገን ሆነው የሚያዩት ሁለት ጫፎች በእኩል ማዕዘን እንደሚያዩት ማሳየት ይቻላል። ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ሦስቱንም መጻፍ ድካም ነው።

የእኔ ምርጫ በጥያቄው ውስጥ 90 ዲግሪ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ካለ ሦስተኛው ይቀድማል። ለምሳሌ ባለ ሦስት ጎን ሀለሐ ውስጥ ከለ ወደ ሀሐ፣ ከሐ ወደ ሀለ ከፍታዎች ወረዱ። የሚያርፉባቸው ነጥቦች መ እና ረ ይሁኑ። መ እና ረ ሁለቱም ጎን ለሐን በ90 ዲግሪ ያዩታል። ስለዚህ ረ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በአንድ ክብ ላይ ናቸው፤ ለሐም ዲያሜትሩ ነው። ክቡ ጥያቄው ውስጥ አልነበረም፤ እናንተ አገኛችሁት። ከተገኘ በኋላ የውጩን ሕግ ጥሩት፦ ማዕዘን ሐ 52 ከሆነ ማዕዘን ሀረመም 52 ነው። ያለ ክቡ ይህችን 52 ለማግኘት ብዙ ትደክማላችሁ።

ፕሮትራክተር ይዞ ለክቶ «180 መጣ፣ ስለዚህ ክብ ላይ ነው» ማለት ግን ማረጋገጫ አይደለም። የፈተና ሥዕሎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በልክ አይሣሉም።

ርዝመት ሲሰጥ

ጥያቄው ዲግሪ ሳይሰጥ የጎኖችን ርዝመት ብቻ ከሰጠ የማዕዘን ሕጎች በቀጥታ አይረዱም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ቶለሚ ለዚህ የሚሆን ሕግ ትቶልናል፦ የሁለቱ ዲያጎናሎች ብዜት፣ የሁለቱ ጥንድ ተቃራኒ ጎኖች ብዜቶች ድምር ነው። ትይዩ ጎኖቹ 4 እና 6፣ ዘንበል ያሉት ሁለቱም 5 የሆኑ ትራፒዚየም ውሰዱ። ክብ ላይ እንደሚያርፍ ከላይ አይተናል። ዲያጎናሎቹ እኩል ናቸው። 4 ሲባዛ በ6፣ 24። 5 ሲባዛ በ5፣ 25። ድምሩ 49። ዲያጎናሉ 7 ነው። ከፍታ አውርዶ በፓይታጎረስ የሄደም እዚሁ ይደርሳል፤ ብቻ ትንሽ ይረዝምበታል።

ለልምምድ ይህችን ሥሩ። ሀለሐመ ክብ ላይ ያረፈ ባለ አራት ጎን ነው። ሀሐ ዲያሜትር ነው። ሀ ላይ ያለው ታንጀንት ከሀለ ጋር 28 ዲግሪ ይሠራል። ማዕዘን ሐሀመ 37 ነው። ማዕዘን ለሐመን እና ዲያጎናሎቹ የሚሠሩትን ማዕዘን ሀነለን ፈልጉ። በጎኖቹ ላይ ከሀለ ጀምራችሁ 28፣ 62፣ 37፣ 53 ከጻፋችሁ መልሶቹ 81 እና 65 ይሆናሉ።